በዛፍ ልብ የተጻፈ የዝናብ መዝገብ

ማታ ከራት በኋላ በየቤቱ ከሚነሡት ጨዋታዎች አንዱ የዝናብ ነገር ነው። አንዱ ሽማግሌ «በእኛ ልጅነት ክረምቱ ሳይዛነፍ በሰኔ ገብቶ በመስከረም ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ጊዜው ተለወጠ» ይላሉ። ሌላው ደግሞ «የለም፤ በአባቶቻችንም ዘመን ድርቅም ጎርፍም ነበረ፤ የዛሬው ስለ ቀረበ ነው ለእርስዎ የበለጠ የመሰለዎ» ብለው ይመልሳሉ። ልጆቹም ማንን እንዲያምኑ አያውቁም። ሁለቱም ሽማግሎች የታመኑ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚናገሩት ከትዝታቸው ነው እንጂ ከተጻፈ ነገር አይደለም። የሰው ትዝታ ደግሞ እንደሚታወቀው የከፋውን ቀን ያገዝፋል፥ መካከለኛውን ቀን ይጥላል። ነገሩ በዳኛ ፊት የቀረበ ቢሆን ኖሮ ዳኛው «ሌላ ምስክር ይምጣ» ማለታቸው አይቀርም ነበር።

ይህ ክርክር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፥ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ኖርዝ ካሮላይናና ሳውዝ ካሮላይና በሚባሉት አገሮች የሚኖሩ ሰዎችም ሃሪኬን የሚባለው የባሕር ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ቤታቸውን በውሃ ባጥለቀለቀው ቍጥር «ይህን የመሰለ ዝናብ በአባቶቻችን ዘመን ዘንቦ ያውቃልን?» እያሉ ይጠይቃሉ። የሚጠይቁትም ለወግ ያህል አይደለም። መልሱ «አዎን፥ ጥንትም እንዲሁ ነበር» የሆነ እንደ ሆነ ሰው ግድቡን ጠግኖ በአባቱ ርስት ይቀመጣል፤ መልሱ «አይደለም፥ ይህ አዲስ ነው» የሆነ እንደ ሆነ ግን ወይ ግድቡን ከፍ ማድረግ ወይ ስፍራውን መልቀቅ ይመጣበታል። የዝናብ መለኪያ በየስፍራው ተተክሎ በሥርዓት መጻፍ የጀመረበት ዘመን ግን ሩቅ አይደለም፤ ለዚህ ጥያቄ የሚበቃ ዕድሜ የለውም። ከመለኪያው በፊት ለነበረው ዘመን ምስክር ሆኖ የተገኘው በዚያው ጠረፍ የሚበቅል አንድ ዛፍ ነው። ስለ ዛፉና ስለ ሰጠው ቃል ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን። በዚህ ጽሕፈት የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዛፍ በተቈረጠ ጊዜ በጉቶው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተከበበ ብዙ ቀለበት ይታያል። ይህን እረኛውም አናጢውም ያውቀዋል። ሙቀትና ብርድ ወይም ዝናብና ድርቅ በየዓመቱ በሚፈራረቁበት አገር ዛፉ ከቅርፊቱ ሥር በየዓመቱ አንድ አዲስ የእንጨት ሽፋን ይደርባል። በዕድገቱ ወራት መጀመሪያ የሚሠራው እንጨት ውሃ የሚያሳልፍበት ሰፊ ቀዳዳ ስላለው መልኩ ፈዘዝ ይላል፤ በወራቱ መጨረሻ የሚሠራው ግን የጠበበና የጠነከረ ስለ ሆነ ይጠቍራል። ፈዛዛውና ጥቍሩ አንድ ላይ ሆነው የአንድ ዓመት ሥራ ናቸው። ዛፉ ውሃ በጠገበበት ዓመት ቀለበቱ ይሰፋል፤ በተጠማበት ዓመት ይቀጥናል። የኢጣልያው ሊቅ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት ይህን ተመልክቶ፥ የቀለበቱ ስፋትና ጥበት የዓመቱን እርጥበትና ድርቀት እንደሚያሳይ ጽፎ ነበር። ዳሩ ግን ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ነገሩ እንዲሁ ከመታወቁ በቀር ለሥራ አልዋለም።

መቍጠር ብቻውን አይበቃምና ነው። በጽኑ ድርቅ ዓመት ዛፉ በአንድ ወገኑ ወይም በሙሉ ቀለበት ሳይሠራ ሊያልፍ ይችላል፤ ዳግመኛም ዝናቡ በመካከል ተቋርጦ እንደገና የጀመረ እንደ ሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የሚመስል ቀለበት ይሠራል። እንግዲህ አንድ ጉቶ ብቻ ይዞ ቀለበቱን የሚቈጥር ሰው አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው።

ለዚህ ነገር መፍትሔ ያገኘለት ሰው የደን ሊቅ አልነበረም፤ የከዋክብት ተመልካች ነበር። ስሙ አንድሩ ዳግላስ ይባላል፤ በ1867 ተወልዶ በ1962 ሞተ። በአሪዞና ፍላግስታፍ በምትባል ከተማ በከዋክብት መመልከቻ ሲሠራ ከመመልከቻው ባለቤት ጋራ በሐሳብ ባለመስማማቱ በ1901 ከሥራው ተሰናበተ። ዳግላስ ይፈልግ የነበረው የፀሐይን ነገር ነው። በፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩት ጥቍር ነጥቦች በ11 ዓመት ግድም አንድ ጊዜ ይበዛሉ፥ አንድ ጊዜ ያንሳሉ፤ ይህ መብዛትና ማነስ የምድርን ዝናብ ይለውጥ እንደ ሆነ ለማወቅ ወደደ። ነገር ግን በዚያ ደረቅ አገር የረዥም ዘመን የዝናብ ጽሕፈት አልነበረም። ስለዚህ በተራራው ላይ የሚበቅለውን ፓይን የሚባለውን ዛፍ መመርመር ጀመረ። በጣውላ መሰንጠቂያ ቤት እየዞረ፥ በተቈረጠው ግንድ ላይ ተንበርክኮ የቀለበቱን ስፋት አንድ በአንድ ይለካ ነበር።

ሲለካም አንድ ነገር አስተዋለ። ብዙ ርቀት ተራርቀው የበቀሉ ዛፎች የሰፊና የቀጭን ቀለበታቸው ተራ አንድ ሆኖ ተገኘ። በአንዱ ዛፍ «ቀጭን፥ ሰፊ፥ ሰፊ፥ ቀጭን፥ እጅግ ቀጭን» የሚል ተራ ካለ፥ በሌላውም ያው ተራ አለ። የቀረ ወይም የተጨመረ ቀለበት ያለበት ዛፍ ከጓደኞቹ ጋራ ሲተያይ ስሕተቱ ይገለጣል። ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም ተገኘበት፤ የተቈረጠበት ዓመት ያልታወቀ አሮጌ እንጨት ከሕያው ዛፍ ጋራ ተራው ከገጠመ ዕድሜው እስከ ዓመቱ ድረስ ይታወቃል። አሮጌው እንጨት ከእርሱ ካረጀ እንጨት ጋራ ሲገጥም ደግሞ መዝገቡ ወደ ኋላ እየረዘመ ይሄዳል።

በአሪዞናና በአጎራባቹ አገር የጥንት ነዋሪዎች ትተዋቸው የሄዱ ፍርስራሽ መንደሮች አሉ። ዳግላስ ከእነዚህ ፍርስራሾች የቤት ሠረገላ እየሰበሰበ የ585 ዓመት ተከታታይ ቀለበት አዘጋጀ፤ ነገር ግን ይህ መዝገብ ከሕያዋኑ ዛፎች መዝገብ ጋራ አልገጠመም። በመካከል የጎደለ ነገር ስለ ነበረ 585ቱ ዓመታት ከየት እስከ የት እንደ ሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። ሰኔ ወር 1929 ላይ ሾው ሎው በምትባል መንደር ከመሬት ውስጥ አንድ የተቃጠለ የፓይን ሠረገላ ተቈፍሮ ወጣ። ኤችኤች 39 የሚል ምልክት ሰጡት። ዳግላስ ያን ዕለት ማታ ቀለበቱን ሲያነብ የሠረገላው መጀመሪያ ዓመት 1237 ሆኖ ተገኘና ሁለቱን መዝገቦች አገናኘ። በአንድ ሌሊት የብዙ ፍርስራሾች ዕድሜ ታወቀ፤ ከ1276 እስከ 1299 በዚያ አገር ጽኑ ድርቅ እንደ ነበረም ግልጥ ሆነ። ዳግላስ በ1937 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዛፍ ቀለበት መመርመሪያ ቤት አቋቋመ፤ ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። የፀሐይን ነገር ግን እንደ ፈለገው አልጨበጠውም። ፀሐይን ሊፈልግ ሄዶ ዘመንን አገኘ ማለት ይቻላል።

ከበረሓው አገር ወደ ካሮላይና ጠረፍ እንመለስ። ከቨርጂንያ ጀምሮ እስከ ቴክሳስ ድረስ በባሕሩ ዳርና ከዚያ ገባ ብሎ ባለው አሸዋማ ሜዳ ላይ ከፓይን ወገን የሆነ አንድ ዛፍ ይበቅላል። ፓይን ከእኛ ጥድ ጋራ የሩቅ ዝምድና ያለው ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ግን እንደ መርፌ የቀጠነና የረዘመ ነው። የዚህ የጠረፉ ፓይን ቅጠልማ እስከ 45 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት እስከ አንድ ክንድ ሊደርስ ስለሚችል ስሙን «ባለረዥም ቅጠል» ብለውታል። ዕድሜውም ከ300 ዓመት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ፈረንጆች ወደዚያ አገር ሳይገቡ በፊት ይህ ዛፍ የሸፈነው መሬት 90 ሚሊዮን ኤክር ግድም፥ በእኛ ልክ ከ900 ሺህ ጋሻ የማያንስ ነበር ይባላል።

የዛፉ ጠባይ ያስገርማል። ችግኙ ከበቀለ በኋላ እንደ ሌሎች ዛፎች ወደ ላይ አይቸኵልም፤ አያሌ ዓመታት የሣር ጕንጕን መስሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ሥሩን ብቻ ወደ ታች ይሰዳል። ያላወቀው ሰው ሣር መስሎት ይረግጠዋል። በዚህ ጊዜ የሣር እሳት ቢያልፍበት የውጭ ቅጠሉ ይነዳል እንጂ በመካከል የተሸፈነው ቡቃያ አይነካም። ሥሩ ከጠና በኋላ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይመዘዛል። ካደገም በኋላ ቅርፊቱ ወፍራም ስለ ሆነ እሳትን የማይችሉ ዛፎች ሲቃጠሉ እርሱ ቆሞ ይቀራል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የነበሩት የአሜሪካ የደን ሹማምንት «እሳት የደን ጠላት ነው» ብለው ማንም ሰው ሣር እንዳያቃጥል አጥብቀው ከለከሉ። ክፉ አስበው አልነበረም። ነገር ግን እሳቱ በቀረበት ስፍራ ሌሎች ዛፎች ከሥር እየበቀሉ ጥላ አበዙበትና የባለረዥም ቅጠሉ ችግኝ ብርሃን አጥቶ መመንመን ጀመረ። የዛፉ ቀለበት በዚህ ነገር ላይ የሰጠው ምስክርነት እጅግ ግልጥ ነው። እሳት የግንዱን ሥር በለበለበው ጊዜ ጠባሳ ይቀራል፤ በሚመጣው ዓመት የሚሠራው አዲስ እንጨት በጠባሳው ዳር እየተጠቀለለ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ጠባሳው ያረፈበት ቀለበት ተቈጥሮ የቃጠሎው ዓመት ይታወቃል፤ በፈዛዛው እንጨት ላይ ወይም በጥቍሩ ላይ ማረፉ ታይቶ ወራቱ እንኳ ይለያል። በአሮጌ ጉቶዎች ላይ እንደ ተነበበው በብዙ ስፍራ እሳቱ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ግድም ይመላለስ ነበር። አንዳንዱን መብረቅ ያነሣው ነበር፤ አንዳንዱን የአገሩ ጥንታውያን ነዋሪዎች ለአደንና ለግጦሽ ሣር ሲሉ ይለኵሱት ነበር። ደኑን ያቆመው እሳቱ ኖሯል! ዛሬ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ቀን መርጠው በልክ ያቃጥሉታል። (ይህን ያነበበ ሰው በአገራችን ደን ውስጥ እሳት መልቀቅ የተፈቀደ እንዳይመስለው እንለምናለን፤ የእኛ ጥድ እሳትን አይችልም፥ ቅርፊቱም ስስ ነው።)

ከእሳቱ ጠባሳ በቀር በእነዚህ ዛፎች ላይ ሌላ ጠባሳም ይገኛል፤ ይኸውም የሰው እጅ ጠባሳ ነው። ባለረዥም ቅጠሉ ፓይን ሙጫው ብዙ ነው። የመርከብ ስንጥቅ የሚደፈንበት ቅጥራን፥ የመርከብ ገመድ የሚቀባበት፥ ቀለም የሚቀጥንበት ተርፐንታይን የሚባለው ዘይት ከዚህ ዛፍ ይወጣ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መርከቦች ከኖርዝ ካሮላይና በሚመጣ ቅጥራን ይሠሩ ነበር። ሙጫው የሚገኘው ግንዱን በመጥረቢያ አቍስሎ በማስለቀስ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 እስኪያበቃ ድረስ ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት አብዛኞቹ በባርነት የተያዙ ጥቍር ሰዎች ነበሩ። ዛፉ የተቈሰለበት ዓመት እንደ እሳቱ ጠባሳ ከቀለበቱ ላይ ይነበባል። የሠራተኞቹን ስም የጻፈላቸው ብዙ ሰው የለም፤ የመጥረቢያቸው ምልክት ግን ከነዓመቱ አለ።

አሁን ወደ ዝናቡ እንምጣ። ይህ ፓይን ፈዛዛውን እንጨት የሚሠራው በጸደይ ነው፤ ጥቍሩን እንጨት የሚሠራው ግን ከሰኔ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ይኸው ጊዜ የሃሪኬን ወራት ነው። መሬቱ አሸዋ ስለ ሆነ የዘነበውን ውሃ አይዝም፤ ጥቂት ቀን ዝናብ ከቀረ ይደርቃል። ስለዚህ ዐውሎ ነፋስ ከባሕር መጥቶ ብዙ ዝናብ ያወረደ እንደ ሆነ ዛፉ ከጥም ተነሥቶ ይጠጣና የዚያ ዓመት ጥቍር እንጨት ይሰፋል፤ ዐውሎ ነፋሱ የቀረ እንደ ሆነ ይቀጥናል። ሰውን የሚያጠፋው ውሃ ለዛፉ ግብር ነው። የቀለበቱን ሙሉ ስፋት የሚለካ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ጥቍሩን ክፍል ለብቻው መለካት ያስፈልጋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፥ ሆኖም ይህን ለይቶ ለማወቅ ብዙ ድካም ጠይቋል።

ለዚህም ዛፉን መቍረጥ አያስፈልግም። ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት መሰርሰሪያ ከቅርፊቱ እስከ ልቡ ድረስ በእጅ እየዞረ ይገባል፤ ሲወጣም ከእርሳስ የቀጠነ የእንጨት ዘንግ ይዞ ይወጣል። ዛፉ ቀዳዳውን በሙጫው ይደፍነዋል፤ አይሞትም። ዘንጉ በእንጨት ላይ ተለጥፎ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይላጋል፤ ከዚያ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሥር እያንዳንዱ ቀለበት በሚሊሜትር ክፋይ ይለካል።

ጀስቲን ማክስዌል የተባሉ የአሜሪካ ሊቅና የሥራ ጓደኞቻቸው ከሁለቱ ካሮላይናዎች ጠረፍ ከሰባት የዚህ ፓይን ደኖች እንዲህ ያለ ዘንግና የአሮጌ ጉቶ ቍራጭ ሰብስበው በ2021 ውጤቱን አሳተሙ። የዘረጉት መዝገብ ከ1700 ጀምሮ 319 ዓመት ይይዛል፤ መለኪያ ዕቃ ባለበት ዘመን የዛፉ ቃልና የመለኪያው ቃል ተስማምተው ስለ ተገኙ፥ መለኪያ ለሌለበት ዘመንም የዛፉ ቃል ታመነ። ውጤቱም እንዲህ ነው። በጠረፉ ላይ ዐውሎ ነፋስ የሚያወርደው የከባድ ዓመታት ዝናብ፥ ማለት ከሃያ ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው ዓይነት፥ ከ1700 ወዲህ በየአሥር ዓመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር እየጨመረ ሄዷል። ጭማሪው ግን በዘመናቱ ላይ እኩል አልተከፈለም፤ አብዛኛው የተጨመረው በመጨረሻዎቹ 60 ዓመታት ነው። ምክንያቱንም ሲመረምሩ ዐውሎ ነፋሱ በዘገየበትና በአንድ ስፍራ በቆየበት ዓመት ዝናቡ እንደሚበዛ አገኙ፤ ይህም የምድር ሙቀት በሰው ሥራ ምክንያት ሲጨምር ዐውሎ ነፋሶች ይዘገያሉ ከሚለው ሐሳብ ጋራ ይስማማል።

እንግዲህ ከሁለቱ ሽማግሎች «ጊዜው ተለወጠ» ያሉት በዚያ ጠረፍ ረቱ ማለት ነው። «ጥንትም ጎርፍ ነበረ» ያሉትም ግን አልዋሹም። በመዝገቡ ውስጥ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመትም ሰፋፊ ጥቍር ቀለበቶች አሉ፤ ልዩነቱ የከባዶቹ ልክ ማደጉ ነው።

ይህ ልዩነት ለሰው ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የፕሪንስቪልን ነገር መመልከት ይበቃል። በኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የሚፈስስ ታር የሚባል ወንዝ አለ፤ ታር ማለት ቅጥራን ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከፓይኑ የወጣው ቅጥራን በእርሱ ላይ በጀልባ ይወርድ ስለ ነበረ ነው ይላሉ። ከ1865 በኋላ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች በዚህ ወንዝ ዳር፥ ሌላ ሰው ባልፈለገው ረባዳ መሬት ላይ ሰፍረው «የነጻነት ኮረብታ» ብለው ሰየሙት፤ በ1885 ፕሪንስቪል ተብላ በሕግ ከተማ ሆነች። ጥቍር አሜሪካውያን ራሳቸው በሕግ ካቋቋሟቸው ከተሞች እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዷ ናት። ጎርፍ ይመላለስባት ስለ ነበረ በ1967 የአፈር ግድብ ተሠራላት። ሠላሳ ዓመት ያህል በሰላም ተቀመጠች። በ1999 ፍሎይድ የተባለው ሃሪኬን መጣና ውሃው ግድቡን አልፎ ከተማይቱን አሰጠማት፤ ቤቶቹ እስከ ጣራቸው ድረስ ገቡ። ሰዎቹ ተመለሱና እንደገና ሠሩ። በ2016 ደግሞ ማቲው የተባለው መጣና ውሃው በግድቡ ዳር ዞሮ ገባባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በመስከረም 2018፥ ፍሎረንስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ወደ ጠረፉ ወጥቶ በዝግታ ሲያዘግም በጥቂት ቀን ውስጥ በአንድ ስፍራ ከ900 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ አወረደ። ይህ ልክ አዲስ አበባ በዓመት ሙሉ ከምታገኘው ዝናብ ከግማሹ እጅግ የሚበልጥ ነው።

ግድብ የሚሠራ ሰው የግድቡን ከፍታ የሚወስነው ባለፈው ዘመን ከታየው ትልቅ ጎርፍ ነው። ያለፈው ዘመን የሚባለው የመለኪያው ጥቂት ዓመታት ብቻ ከሆነ፥ ወይም መጪው ዘመን እንደ ያለፈው ካልሆነ፥ ሒሳቡ ይሳሳታል። ፕሪንስቪሎች የአያቶቻቸውን አጥንት ትተው ይሂዱ ወይስ ይቈዩ በሚለው ነገር ላይ ብዙ ተከራክረዋል፤ ብዙዎቹም ቈይተዋል። እኛ ርስት ምን ማለት እንደ ሆነ የምናውቅ ሰዎች ልንፈርድባቸው አንችልም።

ከካሮላይና ወደ ደቡብ ሲወረድ፥ በፍሎሪዳ ጫፍ ባሉት ትናንሽ ደሴቶች ላይ ደግሞ ሌላ የፓይን ዓይነት ይገኛል። በዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ደሴቲቱ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ስለማትል ዐውሎ ነፋሱ ቅርንጫፉን ሰብሮና ጨው ውሃ አጠጥቶ ዛፉን ያደክመዋል፤ ስለዚህ የሃሪኬን ዓመት የሚታወቀው በቀጭን ቀለበት ነው። እነዚህ ዛፎች ከ1707 ወዲህ ያለውን ዘመን መሰከሩ። ከዚያ በፊት ላለው ዘመን ግን ሊቃውንቱ እጅግ ብልኅ የሆነ ምስክር ፈለጉ፤ ይኸውም በካሪብ ባሕር የሰጠሙት የእስፓኝ መርከቦች ናቸው። እስፓኞች ከአሜሪካ ወርቅና ብር ስለሚጭኑ ስለ እያንዳንዱ የጠፋ መርከብ ተጠንቅቀው ይጽፉ ነበር። ከ1495 እስከ 1825 ያሉት ከ650 የሚበልጡ የሰጠሙ መርከቦች ተቈጠሩ፤ ዛፉና መርከቡ አብረው በሚገኙበት ዘመን ቃላቸው አንድ ሆነ። ይህ በ2016 በታተመ ጊዜ የተገለጠው ነገር፥ ከ1645 እስከ 1715 ባለው ጊዜ በካሪብ ባሕር የሃሪኬን ቍጥር በመቶ 75 ያህል ቀንሶ እንደ ነበረ ነው። በእነዚያ ዓመታት በፀሐይ ላይ ጥቍር ነጥብ ከቶ የጠፋ ያህል ሆኖ ነበር፤ ምድርም ቀዝቅዛ ነበር። ዳግላስ ይህን ሳያይ መሞቱ ያሳዝናል።

ይህ መዝገብ ግን እያለቀ ነው። ከ1880 እስከ 1930 ባለው ጊዜ የጣውላ ነጋዴዎች የባቡር ሐዲድ እየዘረጉ የባለረዥም ቅጠሉን ደን ቈርጠው ጨረሱት። 90 ሚሊዮን የነበረው ኤክር ወደ 3 ሚሊዮን ግድም ወረደ፤ በቅርብ ዓመታት ብዙ ተተክሎ ወደ 5 ሚሊዮን ግድም ተመልሷል። ዳሩ ግን ትናንት የተተከለ ዛፍ ስለ 1700 የሚናገረው ነገር የለውም። የጥንቱን የሚያውቁት በየስፍራው የቀሩት ጥቂት አሮጌ ዛፎችና ከመቶ ዓመት በላይ በአሸዋ ውስጥ የቆዩት ጉቶዎች ናቸው። ጉቶዎቹ በሙጫ የተነከሩ ስለ ሆኑ አይበሰብሱም። ነገር ግን ይኸው ሙጫቸው ጠላት ሆነባቸው፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ፋብሪካዎች ሙጫቸውን ለማውጣት ከነሥራቸው እየነቀሉ ወሰዷቸው፤ የቀሩትንም ሰው ለእሳት መለኰሻ ይፈልጣቸዋል፥ ወይም ሣሩ ሲቃጠል አብረው ይነዳሉ። በፍሎሪዳ ደሴቶች ደግሞ በ2005 ዊልማ የተባለው ሃሪኬን የባሕሩን ውሃ በደኑ ላይ አፍስሶ ብዙ ፓይን ገደለ፤ የባሕሩም ወለል ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ መጋዝ ይዘው ከእሳቱና ከባሕሩ ጋራ ይሽቀዳደማሉ።

በአገራችንም ይህ ሥራ ተጀምሯል። በሰሜን ጎንደር የበቀሉ የጥድ ግንዶች ቀለበታቸው እርስ በርሱ ተገጣጥሞ ተነቧል፤ የቀለበቱን ስፋት ከዝናቡና ከዓባይ ውሃ ልክ ጋራ ያስተያዩ ሊቃውንትም አሉ። ችግር ግን አለበት። አንድ ክረምት ብቻ ባለበት አገር ጥድ በዓመት አንድ ቀለበት ይሠራል፤ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚዘንብበት አገር ግን ሁለት ሊሠራ ስለሚችል መቍጠሩ ያሳስታል።

በቤቱ አጠገብ አሮጌ ጥድ በነፋስ የወደቀበት የቤተ ሰብ አባት ወይም እመቤት ከልጆቻቸው ጋራ ይህን ሊሞክሩት ይችላሉ። ከግንዱ አንድ ስስ ክብ ቍራጭ በመጋዝ ይቈረጥ፤ ፊቱ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ይላግ፤ ከዚያም በውሃ ትንሽ ይራስ፥ ያን ጊዜ ፈዛዛውና ጥቍሩ ይለያል። የሚቈጠረው ከቅርፊቱ ወደ ልቡ ነው፤ የውጭው ቀለበት ዛፉ የወደቀበት ዓመት ስለ ሆነ ከዚያ ወደ ኋላ ይኬዳል። በየአሥሩ ዓመት አንድ ነጥብ በእርሳስ ይደረግ። እጅግ የቀጠነው ቀለበት ላይ በተደረሰ ጊዜ ከዕድሜ ባለጠጎቹ አንዱን ጠርቶ «በዚህ ዓመት ምን ነበረ?» ብሎ መጠየቅ ነው።